ምዕራፍ 6፦ ጉልቻው ሲለወጥ

ለትንሽ የቲዩብ አምፕሊፋየር ምትክ ስፒከር ስለመምረጥ

ባለፉት ሁለት ምዕራፎች የጊታሩን ድምፅ ከክሩ አንስተን እስከ አውትፑት ትራንስፎርመሩ አድርሰነዋል። ምዕራፍ 4 ላይ ቲዩቡ፣ ብዙዎቻችን ከድሮ ሬዲዮ «ቫልቭ» ብለን የምናውቀው ባለመስታወት ዕቃ፣ ደካማውን ሲግናል እንዴት እንደሚያጎለብተው አየን። ምዕራፍ 5 ላይ ደግሞ ትራንስፎርመሩ የቲዩቡን ብዙ ቮልቴጅና ትንሽ ከረንት፣ ለስፒከር ወደሚመች ትንሽ ቮልቴጅና ብዙ ከረንት ሲለውጠው ተከታተልን። እስከዚያ ድረስ ያለው ሁሉ ግን ኤሌክትሪክ ነው። አንድም ድምፅ አልሰማንም። አየር መንቀሳቀስ የሚጀምረው ስፒከሩ ላይ ነው።

ስፒከር ደግሞ ያረጃል። ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ወረቀቱን የሚገፋው የሽቦ ጥምጥም፣ ኮይሉ፣ ይቃጠላል፣ በጉዞ የተንገላታ ማግኔት ከቦታው ይነቃነቃል። ከሃያ ሁለት እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲና አያት ባለው የአዲስ አበባ ምሥራቅ ማታ ማታ ባንድ የሚጫወትባቸው ምግብ ቤቶችና ላውንጆች፣ የዝማሬ ቡድን የሚለማመድባቸው አዳራሾች፣ መኝታ ቤታቸውን ስቱዲዮ ያደረጉ ወጣቶች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ ጋ ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ በሻንጣ ያመጣው ትንሽ የቲዩብ አምፕ ይገኛል፤ 5 ዋት፣ 15 ዋት፣ ቢበዛ 22 ዋት። የእነዚህ አምፖች ስፒከር ሲሞት ባለቤቱ ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም ከባድ ማግኔት ያለው ስፒከር አንስቶ «200 ዋት ነው፣ አንደኛ ነው» ይለዋል። ገዝቶ ይሄዳል፤ ሲገጥመው አምፑ የታነቀ ያህል ድምፁ ይጠፋል።

እዚህ ሻጩም ገዢውም ክፋት የለባቸውም። ሁለቱም የተስማሙበት ጥያቄ ነው የተሳሳተው።

እንጨቱና ምድጃው

በሦስት ጉልቻ ላይ ምጣድ ተጥዶ እንጀራ ሲጋገር ያየ ሰው አብዛኛው የእሳቱ ሙቀት ምጣዱ ጋ እንደማይደርስ ያውቃል። ነፋስ ይወስደዋል፣ በጎን ይወጣል፣ የጋጋሪዋን እግር ይለበልባል። ከሲሚንቶና ከፑሚስ ድንጋይ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ሲመጣ እንጨቱ ያው ነበር፤ ምጣዱም ሊጡም ያው። የተለወጠው ከሙቀቱ ውስጥ ምጣዱ ዘንድ የሚደርሰው ድርሻ ነው። በዚህ ብቻ የሚነደው እንጨት በግማሽ ገደማ ቀነሰ።

የአምፑ ዋት እንጨቱ ነው፤ ስፒከሩ ምድጃው ነው። ጆሯችን የሚሰማው ደግሞ ምጣዱ ላይ የደረሰውን ሙቀት እንጂ የተማገደውን እንጨት አይደለም።

ስፒከር በዚህ ረገድ እጅግ አባካኝ ምድጃ ነው። ከሚገባለት የኤሌክትሪክ ጉልበት ወደ ድምፅ የሚለውጠው ከመቶ ጥቂቱን ነው፤ የቀረው ኮይሉን ያሞቃል። ድርሻው ግን ከስፒከር ስፒከር በጣም ይለያያል። ፋብሪካዎች ይህን የሚገልጹት ሴንሲቲቪቲ በተባለ ቁጥር ነው፦ ለስፒከሩ አንድ ዋት ብቻ ሰጥተው፣ በአንድ ሜትር ርቀት ስንት ዲሲቤል እንደሚያሰማ ይለካሉ። ቁጥሩ 100 ዲሲቤል የሆነ ስፒከር ከሚገባለት ጉልበት 6 ከመቶውን ገደማ ድምፅ ያደርገዋል። 94 ዲሲቤል የሆነው 1.6 ከመቶ ገደማ ነው። 88 የሆነው ግማሽ ከመቶ እንኳ አይሞላም።

100 እና 94 ሲታዩ የሚቀራረቡ ይመስላሉ። አይቀራረቡም። የዲሲቤል አቆጣጠር በመደመር ሳይሆን በማባዛት የሚሄድ ነው፤ 3 ዲሲቤል በጨመረ ቁጥር ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል፣ 6 ሲጨምር አራት እጥፍ፣ 10 ሲጨምር አሥር እጥፍ። ጆሮ ደግሞ አሥር እጥፍ የሆነውን ጉልበት «ሁለት እጥፍ ጮኸ» ብሎ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ ከ94 ወደ 100 ዲሲቤል ስፒከር የተሸጋገረ ሰው የአምፑን ዋት በአራት አባዝቷል ማለት ነው። 5 ዋት የነበረው 20 ዋት የሆነ ያህል ነው፤ አዲስ ቲዩብ ሳይገዛ፣ ትራንስፎርመር ሳይቀይር።

በዋትና በድምፅ መካከል ያለውን ርቀት ከሚያሳዩ ነገሮች ሁሉ የስፒከር ሠሪውን የሴሌስሽንን ሦስት ስፒከሮች ጎን ለጎን ማየት ይበቃል። በቮክስ ኤሲ30 አምፖች ዝናን ያተረፈው «ብሉ» የሚችለው 15 ዋት ብቻ ነው። «ግሪንባክ» የተባለው 25 ዋት ይችላል። «ቪንቴጅ 30» ደግሞ፣ ስሙ 30 ቢልም፣ 60 ዋት ይችላል። የሴንሲቲቪቲ ቁጥራቸው በቅደም ተከተል 100፣ 98 እና 100 ዲሲቤል ነው። የ15 ዋቱና የ60 ዋቱ ስፒከር ከአንድ አምፕ እኩል ይጮኻሉ፤ በመካከል ያለው የ25 ዋቱ ከሁለቱም ያንሳል። ስፒከር ላይ የተጻፈው ዋት ሳይቃጠል ስንት እንጨት እንደሚችል ይናገራል እንጂ ስንት እንጀራ እንደሚያወጣ አይናገርም።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረታችን ስለ ብዙ ነገር እውነት ነው። ስለ ትንሽ የቲዩብ አምፕ ግን እውነት አይደለም። እዚህ ጉልቻው ሲለወጥ ወጡ ይለወጣል።

አንድ ሌላ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ብዙ ሙዚቀኞች መድረክ ላይ ድምፁ ሲደክምባቸው የመብራት መውረድን ይወቅሳሉ። የቤታችን 220 ቮልት ወደ 200 ሲወርድ የአምፑ ጉልበት በእርግጥ ይቀንሳል፤ በዲሲቤል ሲሰላ ግን የሚጠፋው አንድ እንኳ አይሞላም። በመጥፎ ስፒከር የሚጠፋው ስድስትና አሥር ነው።

የቦሌ አየር

ስፒከር የሚገፋው አየርን ነው፤ አየራችን ደግሞ ስስ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያም እንዲሁ። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባህር ዳርቻ አየር በሩብ ገደማ ይሳሳል። አውሮፕላን ለመነሳት ረጅም ሜዳ የሚፈልገው በዚሁ ምክንያት ነው።

የስፒከሩ ወረቀት በየትኛውም ቦታ በተመሳሳይ ርቀት ወደፊትና ወደኋላ ይንቀሳቀሳል፤ የሚገፋው አየር ሩቡን ሲያጣ ግን ጆሮ ላይ የሚያርፈው ግፊትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሲሰላ ከ2 ዲሲቤል ትንሽ የሚበልጥ ነው። በሌላ አነጋገር ጅቡቲ ወደብ ላይ 5 ዋት ያህል የሚጮኸው አምፕ እዚህ የሚጮኸው 3 ዋት ያህል ነው። የፋብሪካ ወረቀት ላይ 97 ዲሲቤል ተብሎ የተጻፈውን ስፒከር ቦሌ ላይ 95 ገደማ ብሎ ማንበብ ይሻላል።

ድራሙም ሳክስፎኑም በዚያው ስስ አየር ስለሚጫወቱ ጊታሪስቱ ከባንዱ ጋር ያለው ፉክክር በዚህ ብቻ አይበላሽም። ጉዳቱ ያለው አምፑን የገዛው ሰው ውጭ አገር የተቀረጸ የማሳያ ቪዲዮ አይቶ «ይህ ለአዳራሹ ይበቃል» ብሎ ከሆነ ነው። ሌላም አለ፤ ስስ አየር ሙቀትን የመውሰድ አቅሙም ያንሳል። የስፒከሩ ኮይል፣ ትራንስፎርመሩና ቲዩቡ ሁሉ ትንሽ ጋል ብለው ይሠራሉ። ስለዚህ ስፒከሩ ከአምፑ አቅም ትርፍ ያለው ሲሆን ይመረጣል።

ኦም፦ የማይደፈረው ቁጥር

ዲሲቤል የጆሮ ጉዳይ ነው። ኦም ግን የአምፑ የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ በቅደም ተከተል ከሁሉም መቅደም አለበት። ኦም ስፒከሩ ለከረንቱ የሚያሳየው መቋቋም ነው፤ በጊታር ስፒከሮች 4፣ 8 ወይም 16 ይሆናል። ትራንስፎርመሩ የተጠመጠመው ለአንዱ ታስቦ ነው፤ የአምፑ ጀርባ ላይ የስፒከሩ ሶኬት አጠገብ ይጻፋል። የድሮ ትንንሽ የፌንደር ቻምፕ አምፖች 4 ኦም አካባቢ ይፈልጋሉ፤ የዚሁ የፌንደር ፕሪንስተንና ዴሉክስ ሪቨርብ፣ ብሉዝ ጁኒየርም፣ 8 ኦም ናቸው። አሮጌው ስፒከር ስንት ከነበረ አዲሱም ያንኑ ይሁን።

በትራንዚስተር አምፕ የለመደ ቴክኒሺያን እዚህ ላይ የተገላቢጦሽ ነገር ይገጥመዋል። ትራንዚስተር አምፕ የሚፈራው ኦሙ ሲያንስና ገመዱ ሲነካካ ነው፤ ስፒከር ነቅለው ቢያበሩት ምንም አይሆንም። የቲዩብ አምፕ ግን ስፒከር ሳይኖረው በርቶ ጊታር ከተጫወቱበት፣ ትራንስፎርመሩ ጉልበቱን የሚያራግፍበት አጥቶ ውስጡ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ የሽቦው ሽፋን ተበስቶ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ምዕራፍ 5 ላይ እንዳየነው በአምፑ ውስጥ ከሁሉ ለመተካት የሚያስቸግረው ዕቃ እሱ ነው። ስለዚህ «ስፒከሩን ነቅለህ ቲዩቡ መሥራቱን እንሞክር» የሚል ሐሳብ ከመጣ ይቅር።

ሁለት ስፒከር ለመግጠም ያሰበ ሰው ሒሳቡን ይያዝ፦ ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን፣ ማለትም ፕላሱ ከፕላስ ማይነሱ ከማይነስ፣ ሲያያዙ 4 ኦም ይሆናሉ፤ አንዱ ከአንዱ ኋላ ሲቀጠሉ 16።

ዋቱ አጭር ነገር ነው። የስፒከሩ ዋት ከአምፑ ዋት እጥፍ ይሁን። ቲዩብ አምፕ እስከ መጨረሻው ሲከፈትና ድምፁ ሲሰባበር ከተጻፈበት በላይ ስለሚያወጣ፣ ለ5 ዋት አምፕ 10 ወይም 15 ዋት የሚችል፣ ለ15 ዋት አምፕ 30 የሚችል ስፒከር ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለው አይጎዳም፤ ግን ለጩኸቱ ምንም አይጨምርም። 200 ዋት መቻሉ ለ5 ዋት አምፕ ትርጉም የለውም፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ወፍራም ኮይልና ከባድ ወረቀት ማለት ስለሆነ ዲሲቤሉን ያወርደዋል።

የመኪና ስፒከር ለምን አይሆንም

የጊታር ስፒከር በማይገኝበት ከተማ የመኪና ስፒከር መግጠም የሚያጓጓ መፍትሔ ነው። በየመኪና ዕቃ ሱቁ አለ፣ ያብረቀርቃል፣ 8 ኢንቹም 10 ኢንቹም 12 ኢንቹም ይገኛል። ችግሩን አሁን ከያዝናቸው ሁለት ቁጥሮች ማንበብ እንችላለን። የመኪና ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ 4 ኦም ነው፤ 8 ኦም ለሚፈልግ አምፕ አይስማማም። ትልቁና ባለወፍራም ጎማ ጠርዙ ደግሞ ቤዝ ለማውጣት የተሠራ ስለሆነ ወረቀቱ ከባድ ነው፤ ሴንሲቲቪቲው ብዙውን ጊዜ 90 ዲሲቤል አይደርስም። የመኪናው አምፕ መቶ ዋቶች አሉትና አይቸግረውም። አምስት ዋት ያለው ጊታሪስት ግን ያለችውን እንጨት ሁሉ ለአየር ሰጠ።

ሦስተኛው ልዩነት ቁጥር ላይ አይታይም፤ ሲሰማ ግን ወዲያው ይታወቃል። የጊታር ዝቅተኛው ክር 82 ኸርዝ ላይ ይጀምራል፤ የጊታር ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ሆን ብሎ ይጥለዋል። ይህ ጉድለት አይደለም። ቲዩቡ ሲጨናነቅ የሚፈጥራቸው ሹል ድምፆች ያሉት እዚያ ላይ ነው፤ ስፒከሩ ቀንሷቸው ነው ድምፁ ሙሉና ለስላሳ የሚሆነው። ትዊተር ያለው የመኪና ስፒከር እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ ያወጣቸዋል፤ ውጤቱ ጥርስ የሚያፋጭ ጩኸት ነው። ለመዝሙር ወይም ለንግግር የተሠራ የአዳራሽ ስፒከርም ያው ነው። ሊያሻሽል ሲመጣ የጊታሩን ጠባይ ያጠፋዋል።

ጥርት ያለ ወይስ ሻካራ

ኦሙ ተስማምቷል፣ ዋቱ በቂ ነው፣ ዲሲቤሉ ታውቋል እንበል። አሁን የሚቀረው የጣዕም ምርጫ ነው፤ ይህ ምዕራፍ ያለዚህ ክፍል ባዶ ይሆን ነበር።

የአይቤክስ ባንድ ማህሙድ አህመድን አጅቦ እ.ኤ.አ. በ1975 የቀረጸውን «እሬ መላ መላ» ያዳመጠ ሰው፣ ወይም የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ሊድ ጊታሪስት ሰላም ስዩም ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የተጫወታቸውን ያስተዋለ፣ በዘመኑ የነበረውን የጊታር አያያዝ ያውቀዋል። ኖታው አንድ በአንድ ይወጣል፤ አጭር ነው፣ ጥርት ያለ ነው፣ ከድራሙና ከቤዙ መካከል ቦታ ፈልጎ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2012 በቢል ላዝዌል ፕሮዲውሰርነት «ኤርታሌ»ን ያወጣው ጃኖ ባንድ ደግሞ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው፤ ቅኝቱ የእኛ ሆኖ ጊታሩ ሻካራና ሰፊ የሮክ ድምፅ አለው። ሁለቱ ከአንድ ስፒከር አይወጡም።

ምክንያቱ ወረቀቱ ነው። በዝቅተኛ ድምፅ ወረቀቱ እንደ አንድ አካል ይንቀሳቀሳል። ድምፁ ሲጨምርና ኖታው ሲቀጥን ግን መሃሉ ወደፊት ሲሄድ ጠርዙ ይዘገያል፤ ወረቀቱ በራሱ ላይ መተጣጠፍ ይጀምራል፤ ይህም የራሱን ድምፅ ይጨምራል። ቀጭንና ቀላል ወረቀት ያለው፣ ዋቱ ከአምፑ ብዙም ያልራቀ ስፒከር ይህን ቶሎ ያደርጋል። ወፍራም ወረቀትና ትልቅ ኮይል ያለው እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ይቆያል።

ለእኛ ቅኝት ይህ ከሌሎች የበለጠ ይከብዳል። አንቺሆዬን ከሲ ብንጀምር ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ይሆናል፤ ከአምስቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ኖታዎቹ በግማሽ ድምፅ ብቻ ተጠጋግተዋል። ጊታሪስቱ የሲውን ክር ሳያፍን ዲ ፍላቱን ቢመታ፣ 262 ኸርዝና 277 ኸርዝ አብረው ይጮኻሉ። ጥርት ባለ ስፒከር ይህ ጥሩ የሆነ መንቀጥቀጥ ነው፣ በሰከንድ 15 ወይም 16 ጊዜ። ቲዩቡም ወረቀቱም በሚሰባበርበት ጊዜ ግን ከሁለቱ ድምር፣ ከሁለቱ ልዩነት የሚወለዱ፣ ቅኝቱ ውስጥ የሌሉ ድምፆች ይመጡና ዜማውን ያደፈርሱታል። በሻካራ ድምፅ የሚጫወቱት የእኛ ጊታሪስቶች አንድ ኖታ ሲመቱ ሌላውን ክር በመዳፍ የሚያፍኑት ለዚህ ነው፤ ትክክል ናቸው።

ስለዚህ የኔ ምክር ቀጥተኛ ነው። በትዝታና በአንቺሆዬ ጥርት ያለ ዜማ የሚጫወት፣ ከድራም ጋር በአንድ መድረክ የሚቆም ሰው በትንሽ አምፑ ላይ ሴንሲቲቪቲው 98 ወይም 100 የሆነ፣ 50 ወይም 60 ዋት የሚችል ስፒከር ይፈልግ፤ ቲዩቡ ሳይጨናነቅ በቂ ድምፅ ያገኛል። ሮክ የሚጫወት ሰው፣ የእጥፉ ሒሳብ እስከፈቀደለት ድረስ፣ እንደ ግሪንባክ ያለ ዋቱ ያነሰ ስፒከር ይሻለዋል።

ስለ ማግኔትም ብዙ ይወራል። አልኒኮ የሚባለው ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት የሚሠራ የድሮ ማግኔት ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ርካሹ ሴራሚክ ነው። በስፒከር ሠሪው በጄንሰን ስያሜ ይህ በግልጽ ይነበባል፦ ፒ ፊደል አልኒኮ፣ ሲ ሴራሚክ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ኢንቹ ነው፤ ስለዚህ «ሲ8አር» ባለ 8 ኢንች ሴራሚክ ነው። ኮባልት በብዛት የሚወጣው ከኮንጎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በያኔዋ ዛየር የሻባ ክፍለ ሀገር ጦርነት ሲነሳ ዋጋው ናረ፤ አልኒኮም ይበልጥ የውድ ዕቃ ሆነ። አልኒኮ ሲጨናነቅ ለስለስ ይላል ይባላል፤ እኔም እስማማለሁ። ግን ያለው ገንዘብ ውስን ለሆነ ሰው ለማግኔቱ ዓይነት ከመክፈሉ በፊት ለዲሲቤሉ ይክፈል።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ

እስካሁን ከፍ ያለውን ቁጥር ስናሞግስ ቆየን። በቦሌ አራብሳ፣ በሰሚት ወይም በአያት ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ግን ምርጫው ይገለበጣል። ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ጎረቤት ሕፃን ያስተኛል፣ ከታች ያሉት እናት ይጸልያሉ። የቲዩብ አምፕ ደግሞ ጣዕሙ የሚወጣው ሲከፈት ነው። 5 ዋት አምፕ በ100 ዲሲቤል ስፒከር ሙሉ ሲከፈት በአንድ ሜትር ርቀት ወደ 107 ዲሲቤል ይጠጋል፤ ለአንድ ክፍል የማይቻል ነው።

ይኸው አምፕ 90 ዲሲቤል ባለው ባለ 8 ኢንች ስፒከር ወደ 97 ይወርዳል። ቲዩቡ ያው ይሠራል፣ ይጨናነቃል፣ ይዘምራል፤ ክፍሉ ውስጥ የሚደርሰው ጉልበት ግን አንድ አሥረኛ ነው፣ ለጆሮ ደግሞ ግማሽ ያህል። እዚህ ላይ እንጨት የሚያባክን ምድጃ ሆን ተብሎ ይመረጣል። ሁለቱንም ኑሮ ለሚኖር ሰው፣ ቤት የሚለማመድና ቅዳሜ ማታ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የሚጫወት፣ በጣም የሚመቸው በአምፑ ውስጥ ትንሹን ስፒከር ትቶ ለመድረክ የሚሆን ባለ 12 ኢንች ስፒከር በተለየ ሳጥን መያዝ ነው፤ ኦሙ እኩል እስከሆነ ድረስ ሶኬቱን ማቀያየር ብቻ ይበቃል፤ አምፑን አጥፍቶ።

ያገለገለ ስፒከር ሲገዙ

አዲስ ስፒከር ከውጭ ማስመጣት የሚከብደው በክብደቱ ነው፤ ቪንቴጅ 30 ብቻውን 4.7 ኪሎ ይመዝናል፤ ከዘመድ ሻንጣ 23 ኪሎ ላይ ትልቅ ድርሻ ነው። ስለዚህ መርካቶ ወይም ጥገና ቤት የሚገኝ ያገለገለ ስፒከር በቁም ነገር መታየት አለበት።

ሱቁ ውስጥ ሦስት ነገር ይደረግ። መጀመሪያ መልቲሜትር። ባለ 8 ኦም ስፒከር መለኪያው ላይ 8 አያሳይም፤ 6 ተኩል ገደማ ያሳያል። ባለ 4ቱ 3 ተኩል አካባቢ፣ ባለ 16ቱ 12 ወይም 13። ይህን አይቶ ሻጩን «ይኸው 8 ኦም አይደለም» ማለት ስህተት ነው። ምንም ካላሳየ ኮይሉ ተበጥሷል። ሁለተኛ፣ ስፒከሩን ፊቱን ወደላይ አስተኝቶ የወረቀቱን መሃል በሁለት እጅ ጣቶች እኩል ጫን ለቀቅ ማድረግ፤ ኮይሉ ማግኔቱን የሚነካ ከሆነ ጭር ጭር የሚል መፋተግ ጣት ላይም ጆሮ ላይም ይታወቃል። ያን ጊዜ አይገዛም። ሦስተኛ፣ 1.5 ቮልት ባትሪ በሁለቱ ጫፎች ላይ ለአፍታ መንካት፤ ወረቀቱ ወደፊት ከወጣ የባትሪው ፕላስ የነካው ጫፍ የስፒከሩ ፕላስ ነው።

የአሜሪካ ስፒከር ከሆነ ጀርባው ላይ የተመታውን ቁጥር ማንበብ ደግሞ ያስደስታል። የመጀመሪያዎቹ አሃዞች ፋብሪካውን ይናገራሉ፤ 220 ጄንሰን ነው፣ 67 ኤሚነንስ። የቀሩት ዓመቱንና ሳምንቱን። 220632 የሚል ካዩ ጄንሰን በ6 በሚያልቅ ዓመት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1956 ወይም በ1966፣ በ32ኛው ሳምንት ሠርቶታል። ወረቀቱ ግን ከዚያ በኋላ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። የጠርዙ ሙጫ አዲስ ከሆነና ወረቀቱ ከብረቱ እርጅና ጋር የማይሄድ ከሆነ እንደገና የተሠራ ነው። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ጥሩ የእጅ ሥራ ያላቸው ጠጋኞች አሉ። ከባድ ወረቀት ከተለጠፈበት ግን የቀድሞው ዲሲቤል አብሮ ሄዷል፤ ስለዚህ ከተቻለ በራስ አምፕ ላይ ሰምቶ መግዛት ይሻላል።

ሲገጥሙት

አምፑ ከሶኬት ተነቅሎ ይቆይ። ስፒከር ለመቀየር የአምፑን የብረት ሳጥን መክፈት አያስፈልግም፤ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከተነቀሉ በኋላም በመቶ የሚቆጠር ቮልት ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ ባይነኩ ይመረጣል። አሮጌው ስፒከር ላይ የትኛው ሽቦ ከየትኛው ጫፍ እንደነበር በስልክ ፎቶ ይነሳ። አዲሱ ሲገባ ብሎኖቹ በዙር ሳይሆን በተቃራኒ በተቃራኒ ይጠበቁ፤ በአንድ በኩል ብቻ አጥብቀው ከጀመሩ የብረቱ ክፈፍ ይጣመምና ደህናው ኮይል መፋተግ ይጀምራል። ብዙ ኃይል አያስፈልግም፤ በእጅ መፍቻ ጠበቅ እስኪል ብቻ፤ ድሪል አይነካው።

ከዚያ አምፑ ይብራ፣ ድምፁ መካከለኛ ላይ ይሁን፣ ዝቅተኛው ክር ባዶውን ይመታ። የሚንቀጠቀጥ ነገር ከተሰማ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ብሎን ወይም የላላ የሳጥኑ ጣውላ ነው፤ ስፒከሩ አይደለም። አዲስ ወረቀት ደረቅ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ቀጠን ያለና ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል፤ ለተወሰኑ ሰዓታት ሲጫወቱበት ጠርዙ ይላላል፣ ቤዙም ይከፈታል። በመጀመሪያው ቀን ድምፅ ብቻ ፈርዶ መልሶ መሸጥ አይገባም። ከሳምንት በኋላም ቤዙ ካልመጣ ጉዳዩ የሳጥኑ ነው፤ ጀርባው ክፍት የሆነና የተዘጋ ሳጥን ከአንድ ስፒከር እንዴት ሁለት የተለያየ ድምፅ እንደሚያወጡ በምዕራፍ 7 እንገባበታለን።